ወተት የመሰለው መድኃኒት

አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው ያለው ወይስ ሃያ? አሥራ ሁለት ነው፣ በደንብ ሰምታዋለች፤ ግን አባት በማዋለጃ ክፍል በር ላይ ቆሞ የቆጠረው ደቂቃ ምኑ ይታመናል፣ ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ስለዚህ ስምንትም ሊሆን ይችላል፣ ስምንት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ስምንት ከሆነ መንገድ አለው፤ ወይስ እንዳይደነግጥ ቀንሰው ነግረውት ይሆን? ትገላበጣለች። መጋረጃው መስኮቱን አይሞላውም፤ በጠርዙ የገባው የጠዋት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ሠርቶ ቀስ እያለ ወደ ቁም ሣጥኑ ይሄዳል፤ ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤት የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኗን ከጥግ እስከ ጥግ ትጎትታለች። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲወጣ ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው፤ ለምዳዋለች፣ ጭንቅላቷ ትራሱን ሲነካ ድንጋይ ነበረች፤ ዛሬ ግን እንቅልፍ በየት በኩል ይምጣ። አንድ ጫማዋን አውልቃ ሌላውን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ነበር ስልኩ የጮኸው። የታናሽ እህቷ ባል ነው። ሥራው ብየዳ ነው፤ ሰፈሩ «በያጁ» ይለዋል፣ እሷም እንደ ሰፈሩ። ከተጋቡ ጀምሮ «እርስዎ» ሲላት የኖረ ትሑት ሰው ዛሬ በአንድ ትንፋሽ «አንቺ» አላት፦ «እትዬ፣ ወለደች፣ ወንድ ነው፣ ግን አላለቀሰም፤ ትሰሚኛለሽ? አላለቀሰም፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዝም አለ፣ አሁን ይተነፍሳል ይላሉ፣ ግን እንደ ረጠበ ጨርቅ ነው፣ ክንዱን ሲያነሱት ይወድቃል። እሷ እየደማች ነበር፣ አሁን ቆሞላታል፣ ተኝታለች፣ አልነገርናትም። ምን ላድርግ? አንቺ እኮ የምትሠሪው ይህንኑ ነው።»

ይህንኑ ነው። ከተወለደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የጨቅላውን ሰውነት በመሣሪያ ቀዝቀዝ የሚያደርጉ ሆስፒታሎች አሉ፣ አንጎሉ የሚያርፍበት ፋታ እንዲያገኝ፤ «የሚያቀዘቅዝ ፍራሽ አላቸው ወይ ብለህ ጠይቅ» አለችው። ሄዶ ጠይቆ መጣ፤ ትንፋሹ በስልኩ ይሰማል። «የለንም ነው የሚሉት። እንዲያውም ያላቸው ማሞቂያ ነው፣ እሱም ላይ ለሦስት ነው የተኙት።» «ኦክስጅንስ?» «እሱ አለ። ካለቀም እኔ ጋ ሞልቷል፤ ሁለቱም ሲሊንደሮቼ ሙሉ ናቸው፣ አሁኑኑ በጋሪ አስጭኜ አመጣለሁ።» ሊያስቃት ነበር። ብረት የሚቆርጥበትን ኦክስጅን! ግን አልሳቀችም፤ ሰውየው ያለውን ነው የሰጠው፣ ያለውን ሁሉ፣ እሷስ ምን አላት? «ተው፣ የነሱ ይበቃዋል፤ አንተ ከሱ አጠገብ አትራቅ» አለችው፤ መስመሩ ተቆረጠ። አጠገቡ አትራቅ ማለት ምክር ነው እንዴ? ከዚህ ሁሉ ባሕርና ተራራ ወዲያ ሆና ሌላውን ሰው አትራቅ ትላለች።

እሷ ራሷ አዋላጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት። ማልቀስ እንቢ ያለ ሕፃን እጇ ላይ ሲወድቅ እንደ ሌሎቹ አትጮህም ነበር፤ ታደርቀዋለች፣ ጀርባውን ታሻሸዋለች፣ አፉን ትጠርጋለች፣ ከዚያ ያቺን የላስቲክ ከረጢት ፊቱ ላይ ገጥማ ቀስ አድርጋ ትጨምቃለች፣ አንድ፣ ልቀቅ፣ አንድ፣ ልቀቅ፤ ደረቱ ከፍ ሲል ታያለች፣ ደረቱ ከፍ ካለ ሁሉም ነገር ይከተላል። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ነች ወሳኟ፣ ለተማሪዎች ስትነግራቸው «ይህቺን ደቂቃ የሰረቀ ዕድሜ ልክ ሰርቋል» ትል ነበር። ዛሬ ግን፣ በያጁ እንዳላት፣ አዋላጇ አንድ፣ የሚወልዱት ሦስት ናቸው። ስንቱን ትያዝ? እህቷ ገና በሦስተኛ ወሯ ደውላ «ስወልድ ትመጫለሽ አይደል? ካንቺ በቀር ማንም እንዲነካኝ አልፈልግም» ብላታለች፤ «እመጣለሁ፣ ምን ማለትሽ ነው» ብላለች እሷም፣ በአሥራ አንድ ዓመት የምትበልጣት፣ አዝላ ያሳደገቻት፣ ጀርባዋ ላይ ስንት ጊዜ ያረጠበችባት። ከዚያ የመኖሪያ ወረቀቷ ለእድሳት ገባ፤ ሳይታደስ ከወጡ መመለስ የለም። በዚያ ላይ በምትሠራበት ቤተ ሙከራ አዲሱ ሙከራ ጀመረ። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ምክንያት ናቸው፤ አሁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና ስታያቸው ግን ሁለቱም አመድ መስለዋታል። እሷ ብትኖር ኖሮ ደረቱ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ከፍ ይል ነበር። ይህን ታውቃለች። እንዳታውቀው ምን ብታደርግ ይሻላል?

ያቺው እጅ ነች እኮ። እዚያ አየር ስትሰጥ የኖረች እጅ፣ እዚህ አየር ትቀንሳለች። ሥራዋ ሲነገር እንዲህ ነው፦ የሰባት ቀን የአይጥ ልጆች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ ሮዝማ፣ ፀጉራቸው ገና እንደ አቧራ። ወደ አንጎላቸው የሚሄደውን አንዱን የደም ሥር ሐኪሙ ይቋጥረዋል፤ ከዚያ እሷ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በተርታ ታስተኛቸውና የኦክስጅኑን መዘውር ታዞራለች፣ ከሃያ አንድ በመቶ ወደ ስምንት። ሰዓት ተኩል። ሮዙ ይገረጣል። ያለቅሳሉ፣ ግን ድምፃቸው ከሰው ጆሮ በላይ ስለሆነ አይሰማም፤ አንዲት መሣሪያ ብቻ ናት ልቅሷቸውን በስክሪን ላይ እንደ ሣር የምታበቅለው። ሲወጡ መርፌ ይሰጣቸዋል፣ ግማሾቹ ፕሮፖፎል የሚባለውን በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ቅባት። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ወተት ይመስላሉ፤ ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሷ እንድታውቅ አይፈቀድም፣ እጇ እንዳታዳላ። ከዚያ ሌሊቱን በየሰዓቱ ሙቀታቸውን ትለካለች። ጥያቄው አንድ ነው፦ ያ ማደንዘዣ አየር ያጠረውን አንጎል ያድነዋል ወይስ ይብሱን ይጎዳዋል? ይህንን ለእናቷ በስልክ እንዴት ብላ ታስረዳ? «አየር ያጠራቸውን ሕፃናት አንጎል የሚያድን መድኃኒት ላይ ነው የምሠራው፣ እማ» አለቻት። አይጥ የሚለውን ዘለለችው። «የሚያድን እንደሆነ» ከሚለው ውስጥ «እንደሆነ»ን ዘለለችው። ሁለት ቃል ነው የዘለለችው። እናቷ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለሰፈር፤ ሰፈሩ ሁሉ «የዚያች ልጅ ሳያለቅስ የተወለደውን ሁሉ የምታስለቅስ» አላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ነጭ ገዋን ለብሳ፣ ነጩን መድኃኒት በሲሪንጅ፣ ገና ቁጥር ያልተለጠፈበትን ጠርሙስ በሌላው እጇ ይዛ የተነሣችውን ፎቶ ለእህቷ ልካላታለች፤ ፎቶው እናቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

መተኛቱ እንደማይሆን ሲገባት ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አሰረች። የሙከራውን መሪ፣ ፕሮፌሰሩን፣ ታገኘዋለች፤ ዓለም የሚያዳምጠው ሰው ነው፣ መድረክ ላይ ሲወጣ አንድ ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ ይናገራል፤ ለዚህ መልስ ያጣል? በአውቶቡሱ ውስጥ ሰዉ ሁሉ የየራሱን ስልክ ያያል፤ ከፊቷ የተቀመጠች ሴት ሕፃን ታቅፋለች፣ ሕፃኑ እግሩን ያወናጭፋል፣ እግር፣ ሁለት ጤነኛ እግር፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። መጀመሪያ የገባችው አስተዳደር ክፍል ነው፤ የመጣው ቢመጣ የአስቸኳይ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ቢያንስ ስልኩ አጠገብ ትሁን። የቢሮው ሴት ደግ ናት፤ ወንበር ሰጠቻት፣ ውኃ ሰጠቻት፣ ከዚያ ቅጹን አወጣች። «ከታማሚው ጋር ያለሽ ዝምድና?» «የእህቴ ልጅ ነው።» ሴትዮዋ በብዕሯ ጫፍ ዝርዝሩን ወረደችበት፦ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት። «የእህት ልጅ የለም» አለች፣ ዝርዝሩን ራሷ ያልጻፈችው መሆኑን በዓይኗ እየነገረቻት። «ከታች ‹ሌላ› የሚል አለ። ግን ‹ሌላ› ውሳኔ እስኪያገኝ አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል።» አምስት ቀን! ለአንዲት አይጥ ሕመም የሚሞላው ቅጽ አምስት ገጽ ነው፣ እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ሞልታዋለች፣ ከአንድ እስከ አራት፣ ምን ያህል ታመመ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን ተደረገለት። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ፈረመች። የእህት ልጅ በኛ አገር ልጅ ነው ብላ ልታስረዳ አሰበችና በነሱ ቋንቋ ስትለው ውሸት የመሰለ ሆነባት፤ ተወችው።

ፕሮፌሰሩ ስብሰባ ላይ ነው። ከበሩ ውጪ ቆማ ስትጠብቅ ስልኩ ነዘረ። «እትዬ፣ አገኘሁት!» በያጁ ነው፣ ድምፁ በርቷል። «ምኑን?» «መድኃኒቱን ነዋ! ያ ፎቶሽ፣ እናንተ ሳሎን ያለው፣ ጠርሙሱ ላይ ስሙ ይነበባል። በስልኬ አንስቼ አጎላሁትና ፊደሉን አንድ በአንድ ጻፍኩት። አራት ፋርማሲ ዞሬ አምስተኛው ጋ ተገኘ፣ ወተት የመሰለው፣ ራሱ። አሁን እጄ ላይ ነው። ስንት ልስጠው?» «የት ነህ?» «አጠገቡ ነኛ፣ አትራቅ አላልሽም? ነርሷ ሌላ ልጅ ጋ ሄዳለች። ጉሉኮሱ የሚገባበት ቱቦ ላይ መውጊያ አለው፣ ሲወጉበት አይቻለሁ፣ ቀላል ነው፣ መርፌ ውስጥ ስቤ ገፋ ማድረግ ነው። ስንት? አንድ መስመር? ሁለት መስመር?»

«እንዳታደርገው!» ብላ ጮኸች። በኮሪደሩ የሚያልፉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች ቆሙ። «ትገድለዋለህ! ትሰማኛለህ? ያ መድኃኒት ትንፋሽ ያቆማል። አዋቂ ሰው እንኳ ሲሰጠው ትንፋሹን የሚጠብቅለት ባለሙያ ራስጌው ይቆማል። ከቱቦው ራቅ። እጅህን አንሣ።» ከወዲያ የሌላ ሕፃን ልቅሶ ይሰማታል፣ የማሽን ድምፅ ይሰማታል፣ የሱ ትንፋሽ ይሰማታል። «ታዲያ አንጎል ያድናል ያልሽው?» አለ፣ እንደ ተማሪ። «ያድን እንደሆነ ነው የምንፈልገው። አላገኘነውም።» «ለስንት ሕፃን ሰጣችሁት?» «ለሕፃን አልሰጠንም።» «ታዲያ ለማን ነው የምትሰጡት?» አራት ዓመት ሙሉ የዘለለችው ቃል አሁን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በሱ ላይ ሳትረግጥ ማለፊያ የለም። «ለአይጥ» አለችው። «ለአይጥ ልጆች።»

«ለአይጥ» አለ በያጁ። አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። ቃሉን እንደ ትኩስ ብረት ይዞ ያገላበጠው ይመስላል፦ «ለአይጥ። እሺ፣ እትዬ። እሺ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ።» ወደ «እርስዎ» ተመለሰ፤ እሷ ግን ከዚያ «አንቺ» ከሚላት ሰው ጋር ነበር መቆየት የፈለገችው። «ነርሷን ጥራልኝ» አለችው። ነርሷ ስትመጣ ድምጿ ችኩል ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ነው፤ ታውቀዋለች ያንን ድምፅ፣ ዘጠኝ ዓመት የራሷ ድምፅ ነበር። «እህቴ፣ ስድስት ልጅ በአንድ እጄ ነው ያለኝ፣ ቶሎ በይ።» ነገረቻት። ነርሷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። «ስጠኝ፣ አባቴ፣ ስጠኝ» ስትል ከስልኩ ራቅ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ተመልሳ «ጠርሙሱን ተቀብዬዋለሁ። ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ» አለች። «ሕፃኑስ?» «መንዘፍዘፍ ጀምሮታል። ግራ እጁንና እግሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ አፉን ያላምጣል። ማስታገሻውን ሰጥተነዋል። ሌላ የለንም፣ እህቴ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።» ታውቀዋለች። የምታውቀው ነገር ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይወስዳታል፦ ምንም አታድርጉ ወደሚለው።

ጩኸቱን ሰምቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ፕሮፌሰሩ ስብሰባውን ጥሎ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ረጅም ሰው ነው፣ መነጽሩ ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ። ቢሮው አስገብቶ እስክትጨርስ ሰማት። «ቁጥሩን ይክፈቱልኝ» አለችው፤ «የትኛው ጠርሙስ መድኃኒቱ እንደሆነ፣ የትኞቹ እንደዳኑ። አልሰጠውም፣ አላሰጥም፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።» ለማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደምታደርግበት አታውቅም፤ ምናልባት እህቷ ስትነቃ የምትላት ነገር እንዲኖራት። እሱ መነጽሩን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ብከፍተውም አይጠቅምሽም» አለ። «አምና በትንሽ መጠን የሰጠናቸው ግማሾቹ ተሻላቸው። በዛ ያለ የተሰጣቸው ደግሞ ማደንዘዣው ራሱ ነው ሕዋሳቱን የገደለው። በመካከል ያለው የት እንደሆነ አናውቅም። በሰው ጨቅላ ደግሞ ጭራሹን አናውቅም።» «ማቀዝቀዙስ? በእርጥብ ጨርቅ፣ ማሞቂያውን አጥፍተው?» «ሙቀቱንና የልብ ምቱን ያለማቋረጥ የሚከታተል ከሌለ ሊገድለው ይችላል። አታስነኪው።» «ታዲያ ምን ላድርግ?» መድረክ ላይ አንድ ሰዓት የሚናገረው ሰው እጆቹን አየ፤ ቆንጆ፣ ንጹሕ እጆች ናቸው። «አላውቅም» አለ በቀስታ። ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች፤ አውቶቡሱ ሲያልፋት አየችው፣ ልታስቆመው አላሰበችም።

በማግሥቱ ሥራ ገባች፤ ፈቃዱ አልመጣማ። በተርታ አስተኛቻቸው፣ ክዳኑን ገጠመች፣ እጇን መዘውሩ ላይ አሳረፈች። እንዲህ ባለ ጊዜ እጅ እንቢ ይላል ተብሎ ይጠበቃል፤ የሷ እጅ እንቢ አላለም፣ አዞረው፤ ስምንት ላይ ቆመ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሰዓቷን አየች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይህን ያህል ነው ለካ። ይህን ያህል ረጅም ነው። አምስተኛው ትንሽዬ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ስክሪኑ ላይ ሣሩ በቅሏል። ይህ ሁሉ አንድ ቀን ለአንድ ሰው ልጅ ይደርስለታል ብላ ነው የምትሠራው፣ ታምንበታለች፣ አሁንም ታምንበታለች፤ ያ የሰው ልጅ ግን የእህቷ ልጅ አይደለም፣ ገና ያልተፀነሰ የማታውቀው ሰው ነው፣ የእህቷ ልጅ የሚወልደው ልጅ ምናልባት፣ ለመውለድ ከደረሰ። እናቷ ቀድማ ደውላ ነበር፣ ገና ከቤት ሳትወጣ። እሷ ልቅሶ ጠብቃ ነበር፤ የእናቷ ግን የመጀመሪያ ቃሏ «አይጥ ነው የምትጠብቂው?» ሆነ። «እማ...» «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ነው የተናገርኩት። አይጥ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣው ልጄ! ስለ ምን ደበቅሽኝ? ሥራ ሥራ ነው፣ አይጥም ይሁን ድመት። መድኃኒት አለ ስትዪኝ ግን እኔ ሌላውን ነገር ሁሉ ተውኩት፤ ለመውለድ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዷት ሲሉኝ፣ ምን አስቸኮላችሁ፣ ልጄ መድኃኒቱ እጇ ላይ ነው አልኳቸው። ላም አለኝ በሰማይ ኖሯል!» ይህን አልሰማችም ነበር። ትልቁ ሆስፒታል። ሁለት ቃል ነበር የዘለለችው። «እማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። እናቷ ወዲያው ተመለሰች፣ እንደ እናት፦ «ማን ጥፋት አለ? በልተሻል ግን?»

እንግዲህ ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ትሄዳለች፣ እሷ ታያታለች። ሕፃኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ቆመ፤ ተመለሰ፤ ቆመ። አይጠባም፣ በቱቦ ነው። ራሷን በስንት ዓይነት ይቅርታ አዘጋጅታለች፣ እህቷ ስትደውል የምትለውን፤ ረጅሙን፣ አጭሩን፣ የሚያለቅሰውን። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ፣ እህቷ ነች፣ ድምጿ የታጠበ ጨርቅ የተጨመቀ ይመስላል። «እትዬ።» «እህቴ፣ የኔ ሆድ፣ እኔ መምጣት ነበረብኝ...» «ተይው አሁን እሱን» አለች እህቷ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የደወልኩት። እነዚያ አይጦች፣ አየሩን ከቀነስሽባቸው በኋላ፣ የት ነው የሚሄዱት?» ለምን እንደጠየቀቻት አልገባትም፤ ልትፈርድባት መሰላት። «እናታቸው ጋ እንመልሳቸዋለን።» «መቼ?» «ወዲያው፣ መርፌውን እንደተወጉ። መጀመሪያ ከሥሯ ያለውን ሰጋቱራ እናሻሻቸዋለን፣ የእጃችን ሽታ እንዳይሸታት።» «ትቀበላቸዋለች?» «እየጎተተች ሥሯ ትሰበስባቸዋለች። ትልሳቸዋለች።» «የታመሙትንም?» «የታመሙትን ቀድማ ነው» አለች፤ እውነት ነበር፣ ዛሬ ገና አሰበችው።

እህቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ አራት ቀኔ ነው። አንድ ጊዜ አልሰጡኝም። በመስተዋት ነው የማየው፣ ‹ቱቦ አለው፣ ይበርደዋል፣ ኃላፊው አልፈቀደም› ይሉኛል። እኔ መድኃኒት አልጠየቅኩሽም። በሞቴ፣ ለአይጧ የሚደረገው ለኔም ይደረግልኝ በይልኝ፤ አንቺ ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ።» ይህን ስትሰማ ጀርባዋ ቀና አለ፣ አራት ቀን ያልቀናው። ደወለች። የነርሷ ስልክ አይነሣም፤ ደግማ ደወለች፤ በሰባተኛው ተነሣ። «እህቴ፣ ትእዛዝ ነው፣ እኔ ምን አቅም አለኝ» አለች ነርሷ። «ልብሱን አውልቀሽ ደረቷ ላይ፣ ቆዳ በቆዳ፣ ከላይ ብርድ ልብስ» አለቻት፣ በአዋላጅነት ድምጿ፣ ያለ ልመና። «የናት ደረት ከዚያ ለሦስት ከሚተኙበት ማሞቂያ አይበርድም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። የአፍንጫውን ቱቦ በፕላስተር ጉንጩ ላይ አጥብቂው፣ የኦክስጅኑን በትከሻዋ በኩል አሳልፊው። ሲከብደው ታዪዋለሽ፣ ዓይንሽ ልምድ ያለው ነው፣ ከድምፅሽ አውቄዋለሁ። አንድ አልጋም ያቀልልሻል።» ነርሷ ሳቀች፣ ደክሟት። «አንቺ መቼም... ኃላፊው ለምሳ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ በላይ አንድ ደቂቃ አልጨምርም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተጠየቀች፣ ልጁ ይኖራል። በሃያ ሁለተኛው ቀን ወደ ቤት ይገባል፤ አንገቱን የሚያቀናው ዘግይቶ ነው፣ የሚቀመጠው ዓመት ከመንፈቁ ላይ ነው፣ ግራ እጁ ጭብጥ ብሎ ይቀራል፣ ይናገር አይናገር እስካሁን አልታወቀም፤ በያጁ በገዛ እጁ የብረት መቆሚያ ይበይድለታል፣ ሲያድግ እየቆረጠ ያረዝምለታል። የጠርሙሶቹም ቁጥር ይከፈታል፤ ትንሽ የሚረዳ ይመስላል፣ እርግጠኛ ለመሆን ግን ሌላ ሦስት ዓመት ያስፈልጋል ይባላል። እሷ ልጁን የምታገኘው ግን ወረቀቷ ሲታደስ ነው፣ ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል። ይህ ሁሉ ገና ነው። አሁን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች፤ እህቷ የራሷን ስልክ ትራሱ ላይ አኑራዋለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ። የልብስ ኮሽታ ይሰማል። «ቀስ፣ ቀስ፣ ቱቦውን» ትላለች ነርሷ። ከዚያ እህቷ «ውይ» አለች፣ «ውይ፣ ይሞቃል።» ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤት ዛሬ ድምፅ የላትም። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አልቆጠረችም፤ አራት ቀን ሙሉ ስትቆጥር የኖረች ሰው መቁጠር ረሳች።

«እትዬ!» አለች እህቷ በሹክሹክታ፣ ሊያመልጣት የሚችል ወፍ የያዘች ይመስል። «እትዬ፣ ጣቴን ያዘኝ። መዳፉ ውስጥ ባደርገው ጭብጥ አደረገኝ! አውቆኝ ነው፣ አይደል? አውቆኝ ነው?» ዓይኗን ጨፈነች። አዲስ የተወለደ ሕፃን መዳፍ ውስጥ ጣትም ይግባ እንጨት ይጨብጣል፤ ከአከርካሪ የሚመጣ ነገር ነው፣ ለማወቅ አንጎል አያስፈልገውም፤ ይህን ለተማሪዎች ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስተምራለች። በመጀመሪያው ቀን ግን እንደ ረጠበ ጨርቅ ነበር፣ ያ እጅ ምንም አይጨብጥም ነበር፤ ይህንንም ታውቃለች። ሁለቱንም ታውቃለች፣ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ከሁለቱ መካከል ያለውን ማንም አያውቀውም። አንድም ቃል መዝለል አልፈለገችም፣ አንድም ቃል መጨመር።

«ጠበቅ አድርጎ ነው የያዘሽ?» አለቻት።

«ጠበቅ አድርጎ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው አንቺም እንዳትለቂው።»